ሁለቱ ከተሞች በግራ እጅ ሲጨባበጡ

የወይን ለቀማው ባለቀ በዘጠነኛው ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ግሊኮንና ካርጶስ እኩል በራችን ላይ ደረሱ። እኩል ስል የምሬን ነው። ግሊኮን የኦርማ ሸንጎ መልእክተኛ ነው፣ ካርጶስ የታቤና። አንዱ ቀድሞ ቢገባ የሌላው ከተማ ተዋረደ ማለት ስለሆነ ሁለቱም ትከሻቸውን አስገቡና በጠባቡ መቃን መሀል ተሰነቀሩ። ባለቤቴ ሜኖጋስ ከሥራው ቀና ብሎ አያቸውና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም አልቆም አለ። እኔ ጋሪ ተከራይቼ ፍራሽ እየጠቀለልኩ ነበር።

ሜኖጋስ የሳንቲም ማተሚያ ቀራጭ ነበር። በሸለቆአችን ያሉ ከተሞች የነሐስ ሳንቲም ሲያወጡ ሥዕሉን በብረት ላይ ገልብጦ የሚቀርጽላቸው እሱ ነው። በአንዱ ፊት ቄሳር ይወጣል፤ በሌላው ፊት ከተማው ስለራሱ የሚያወራው ነገር። ወንዙ እንደ ሰው ተጋድሞ እንስራውን ሲያፈስ፣ ሄራክልስ አንበሳውን ሲያንቅ፣ እባቡ በመሠዊያው ላይ ሲጠመጠም፣ ይህን ሁሉ በአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከማተሚያዎቹ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ማንበብ የቻልኩት ከቀኝ ወደ ግራ ነበር። ብዙ ተሳቀብኝ።

ከጸደይ ጀምሮ ደረቱ ውስጥ እንደ ወንፊት የሚንሿሿ ነገር ነበረበት። ሐኪሙ ጀርባውን አንኳኩቶ ሰማና ወደ ፍል ውሃው ውሰጂው አለኝ። በእንፋሎቱ ውስጥ ከከረመ ይለቀዋል፤ ነገር ግን በረዶ ኮረብታውን ሳይዘጋው መድረስ አለበት አለኝ። አመንኩት፤ አሁንም አምነዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ሰውዬ በጋሪ ጭኜ፣ በረዶውን ቀድሜ፣ ውሃው ውስጥ መዝፈቅ።

"እትዬ አሚያ፣ ጋሪውን አቆዪው፤ ትንሽ ሥራ ናት" አለኝ ግሊኮን፣ ከመቃኑ እንደተላቀቀ ልብሱን እያራገፈ።

"ትንሽ ከሆነች ለትንሽ ሰው ስጧት" አልኩት።

"የአገረ ገዥው ትእዛዝ ነው።"

"አገረ ገዥው ያስላል?"

"አንቺ፣ ተይ እስቲ" አለ ሜኖጋስ። "ምንድነው የያዛችሁት?"

የያዙት ሰም የተቀባ ሰሌዳ ነበር፤ በሁለት ከተማ ማኅተም የታሸገ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹን እየዋጠ ካስቸገረው አባት ሸሽገው ሕፃኑን ዜውስን ያሳደጉት በኛ ዋሻ ነው ይላሉ ኦርማዎች። ጋሻቸውን እያጋጩ የጨፈሩት፣ ለቅሶው እንዳይሰማ ያደረጉት ጎበዞች የኛ አያቶች ናቸው ይላሉ። ታቤናዎች ደግሞ ዋሻውም የኛ፣ ጎበዞቹም የኛ፣ ወተት ያጠባችው ፍየልም የኛ ይላሉ። ሁለቱንም ዋሻ ገብቼ አይቻለሁ። ሁለቱም ውስጥ ያለው የሌሊት ወፍ ኩስ ነው። በዚህ ነገር ግን በገበያ ቀን ጥርስ ወልቋል፣ በበዓል ቀን የመሥዋዕት በሬ ከመንገድ ተነጥቋል። አገረ ገዥው በመጨረሻ ታከተው። የሁለታችሁን እርቅ የሚያሳይ አንድ ሳንቲም በጋራ አውጡ፤ በምርቃቱ ቀን መጥቼ በእጄ እይዘዋለሁ አላቸው።

በሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል ይህ ነበር። ሁለቱ ከተሞች በሁለት ሴቶች ተመስለው፣ ግንብ እንደ ዘውድ ደፍተው፣ ፊት ለፊት ቆመው በቀኝ እጃቸው ይጨባበጣሉ። ከተጨባበጠው እጅ በታች ሕፃኑ ዜውስ ተቀምጧል። የወይን ዘለላ የያዘችው ኦርማ በሕፃኑ ቀኝ ናት። የገብስ ዛላ የያዘችው ታቤና በግራው ናት፤ ለዚህ ካሣ እንዲሆናት ፍየሏ በእሷ በኩል ትተኛለች። ይህን ለመስማማት ሁለቱ ሸንጎዎች በጋውን ሙሉ ተቀምጠዋል። በፍየሏ ክርክር ብቻ አንድ ሽማግሌ ራሱን ስቶ ወድቋል አሉ።

"ፍየሏ ወደ ሕፃኑ ነው የምታየው ወይስ ወደ ውጭ?" አለ ሜኖጋስ።

ሁለቱ ተያዩ። ሸንጎዎቹ በዚህ ላይ አልተነጋገሩም ነበር።

"ስለ አማልክት ብለህ አትጠይቃቸው!" ብዬ ጮህኩ። "ትተኛ! ዓይኗን ጨፍና ትተኛ!"

እንደዚያው ሆነ። ሳንቲሙን ያየ ሰው ሁሉ ፍየሏ ለምን ዓይኗን ጨፈነች ብሎ ይጠይቃል። በኔ ትእዛዝ ነው።

ጋሪውን መለስኩት። ሜኖጋስ በቶሎ ጨርሼ እንሄዳለን አለኝ፤ በእርግጥም በቶሎ ጨረሰ። እጁ አልታመመም ነበር። ከጧት እስከ ጀምበር ግባት በመስኮቱ ሥር ተጎንብሶ፣ ሲያስል መሮውን ከብረቱ ላይ እያነሳ፣ ሳሉ ሲያበቃ መልሶ እያሳረፈ ቀረጸው። ሥራው እንደሚጠይቀው ሁሉን ገልብጦ ነው። በብረቱ ላይ ግራ የሆነው ሲታተም ቀኝ ይሆናል። ይህን በሸለቆአችን የማያውቅ የለም፤ ማኅተም ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

መልእክተኞቹ መጡ፤ በዚህ ጊዜ ሳንቲሙን በመዶሻ የሚመታልን ማኔስ ከኋላ በትከሻው እንዲገፋቸው አድርጌ ሁለቱንም በአንዴ አስገባኋቸው። ሰሌዳውን ከብረቱ ጎን አስቀመጡና አንገታቸውን አስረዘሙ።

"አንድ አይደለም" አለ ካርጶስ።

"ምኑ?" አለ ሜኖጋስ።

"በሰሌዳው ላይ ታቤና በዚህ በኩል ናት። እዚህ ብረት ላይ በዚያ በኩል ናት።"

ሜኖጋስ እርጥብ ጭቃ አነሳ፣ ብረቱን ጫን አደረገበት፣ አሳያቸው። ሁሉም በየቦታው ነበር። ቀኝ እጅ ከቀኝ እጅ ተጨባብጧል። ኦርማ በሕፃኑ ቀኝ፣ ታቤና በግራው፣ ፍየሏ ተኝታለች።

"በጣም ያምራል" አለ ግሊኮን። "ይገባኛል ጋሼ ሜኖጋስ፤ እኔም ማኅተም አለኝ። ግን የስምምነቱ ቃል ምን ይላል? 'ማተሚያው ብረት በሁለቱ ማኅተም የታሸገውን ሰሌዳ ይመስላል' ይላል። ማተሚያው። ሳንቲሙ አይልም።"

"እና?"

"እናማ እኔ ይህን ብቀበል፣ ነገ ካርጶስ ስምምነቱን ኦርማ አፈረሰች ብሎ አገረ ገዥው ዘንድ ይሄዳል።"

"እሄዳለሁ" አለ ካርጶስ፣ ሳያፍር። "አንተስ በኔ ቦታ ብትሆን?"

"እኔም እሄዳለሁ።"

በሕይወቴ እነዚያ ሁለት ሰዎች ሲስማሙ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። ታዲያ ቃሉን አስተካክሉት አልኳቸው። ለማስተካከል ሁለቱ ሸንጎዎች እንደገና መቀመጥ አለባቸው አሉኝ። መቼ ይቀመጣሉ? ካርጶስ ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ የወይራው ለቀማ አለ፣ ከዚያ የሙታን ቀን አለ፣ በዚያ ላይ ባለፈው ራሱን የሳተው ሽማግሌ ገና አላገገመም።

"ያን ጊዜ በረዶ ይሆናል!" አልኩ። "ሰውዬው ሲተነፍስ አይሰማችሁም? ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ያለው ጎረቤት ይሰማዋል እኮ!"

ሜኖጋስ ብረቱን በመዳፉ ያዘ። ፊቱ ላይ የማውቀው ነገር መጣ፤ ልጃችን በሕፃንነቱ ምሳውን ሲተፋበት የሚመጣበት ፊት።

"እንደ ሰሌዳው ይሁን?" አላቸው።

"እንደ ሰሌዳው" አሉ፣ እኩል።

"ሳይገለበጥ?"

"እንደ ሰሌዳው።"

"እሺ። እንደ ሰሌዳው አደርገዋለሁ፣ እናንተም ሁለተኛ በዚህ በር አትገቡም።"

ያኛውን፣ ትክክለኛውን፣ ሁለት ማተሚያ በሸለቆው እንዳይኖር ብለው እፊታቸው አስደቀደቁት። ማኔስ ሦስቴ መታው። ሦስተኛው ላይ ሜኖጋስ ፊቱን አዞረ።

ሁለተኛውን በንዴት ቀረጸው፤ በንዴት ግን ምንም አላበላሸም። ሰሌዳው ላይ የነበረው ሥዕሉ ብቻ ስለሆነ በዙሪያው የሚሄደውን ጽሑፍ እጁ እንደለመደው ገልብጦ ቀረጸ። ስለዚህ ሳንቲሙ ሲወጣ "የኦርማና የታቤና ስምምነት" የሚለው ቃል ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ከቃሉ ሥር ሁለቱ ሴቶች በግራ እጃቸው ይጨባበጣሉ፤ ኦርማም በሕፃኑ ግራ ናት። ማኔስ የመጀመሪያውን መትቶ ሲያነሳ ከት ብሎ ሳቀ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሴቶች የሚጨባበጡት ለመፋታት ነው?"

"ምታ፣ ዝም ብለህ ምታ" አለው ሜኖጋስ።

ጋሪው እንደገና መጣ። የቀዝቃዛውን ንፋስ ሽታ በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ፤ ገና አልደረሰም ነበር። በፍራሹ ላይ አስተኛሁት፣ ሁለት ቆዳ ደረብኩበት፣ አይብና የደረቀ በለስ በጎኑ አስቀመጥኩ። መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርም ሄደ። ጋሪው ያንገጫግጫል፣ በለሱ ትል አለበት፣ ነጂው ዘፈን አይችልም፣ እኔ ብዙ አወራለሁ። ደስ አለኝ። የሚያጉረመርም ሰው የሚተነፍስ ሰው ነው።

በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን አልፎ፣ የመጨረሻው ድልድይ ላይ በቅሎዎቹን ስናጠጣ፣ ከኮረብታው ጀርባ ነጭ እንፋሎት ሲወጣ አየሁ። ፍል ውሃው ነው። "ያውልህ!" ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። ቀና ብሎ አየና "የገማ እንቁላል ሽታው እዚህ ድረስ ይሸታል" አለ። ከኋላችን ኮቴ የሰማሁት ያኔ ነው።

ግሊኮን ነበር፣ በቅሎ ላይ፣ ቆቡ ጠፍቶ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ። ካርጶስ ከጎኑ ነው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ። ከበቅሎዎቹ ሲወርዱ ማን ይቅደም አላሉም። ያኔ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

የምርቃቱ በዓል ሲቃረብ ሳንቲሙን ለሕዝቡ በትነው ነበር። ሕዝቡ የስምምነቱን ቃል አያውቅም። የሚያየው በግራ እጅ መጨባበጥ ነው። ኦርማ ቀኝ እጇን አጥታ ነው ወይ ግራዋን የሰጠችን ብለው ታቤናዎች ተነሱ። ኦርማዎች ደግሞ ሕፃኑ በግራው አስቀመጠን፣ ታቤና በገንዘብ ቀራጩን ገዝታዋለች ብለው ተነሱ። የጨው ተራው ድንኳን ተገለበጠ። አገረ ገዥው ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ይህን ሳንቲም ቢይዝ መዘዙ ከባድ ነው።

"ሸንጎዎቹስ?" አለ ሜኖጋስ ከጋሪው ላይ ሆኖ።

"ትናንት ማታ በአንድ ላይ ተቀመጡ" አለ ካርጶስ። "ቃሉን አስተካከሉት።"

"ትናንት ማታ!" አልኩ። "በአንድ ማታ! ወይራው ተለቅሞ ነው? ሽማግሌው ድኖ ነው?"

"እትዬ አሚያ፣ እግርሽን እንሳም…"

"እግሬን ተው። ሌላ ቀራጭ ፈልጉ።"

"ሌላው ያለው ባሕሩ ዳር ነው። ሄደው እስኪያመጡት አገረ ገዥው ደርሶ ይመለሳል።"

"ይመለሳ! ሁለት ከተማ ለሁለት ዋሻ ኩስ ይጫረስ! እኔ ምን ቸገረኝ?"

ሜኖጋስ እጁን ዘረጋ። "እስቲ አሳዩኝ።" ግሊኮን አንዱን ሳንቲም ሰጠው። በብርሃን አዙሮ አዙሮ አየው። "የሕፃኑ ጉልበት ጥሩ ወጥቷል" አለ። ከዚያ በአውራ ጣቱ አሸው፤ እኔ ግን ሰውዬውን ስለማውቀው ቃሉን ከአፉ ከመውጣቱ በፊት ሰማሁት።

"እንመለስ።"

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?"

"ሩቅ ባለው በማርኬሳን ከተማ ገበያ ሳይቀር ይህን የሚያይ ሰው የኔ እጅ መሆኑን ያውቃል። ሰው ሲጨባበጥ የትኛውን እጅ እንደሚሰጥ ሜኖጋስ አያውቅም ይላሉ።"

"ይበሉ! ትክክለኛውን ያስደቀደቁት እነሱ ናቸው!"

"ይህን በሳንቲሙ ላይ መጻፍ አይቻልም።"

"ያውልህ እንፋሎቱ! ሳይመሽ እንደርሳለን! ውሃ ውስጥ ግባ፣ አንድ ሳምንት ተቀመጥ፣ ከዚያ ተመለስና ሃምሳ ጊዜ ቅረጽ!"

"ውሃው የትም አይሄድም።"

"አንተስ?"

ነጂውን "አዙር" አለው። ነጂው እኔን አየ። ነጂው የሚታዘዘው ገንዘብ የከፈለውን ነው፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ። አታዙር አልኩት። ሜኖጋስ ቆዳዎቹን ከላዩ ገፈፈና በእግሩ ሊመለስ ከጋሪው መውረድ ጀመረ። አንድ እግሩ መሬት ነካ፣ ተንገዳግዶ መንኮራኩሩን ይዞ ቆመ። ያንን እያየሁ "አዙር" አልኩ። በሕይወቴ ያንን ቃል የምጠላውን ያህል የምጠላው ቃል የለም።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አላናገርኩትም። እሱም ስለ በለሱ ምንም አላለም።

ሦስተኛውን ማተሚያ በጀርባው ትራስ ደግፌለት፣ ብረቱን ማኔስ እየያዘለት ቀረጸ። ከሁለቱም የተሻለ ነው። ንዴቴ እዚያ ላይ ነው የሚብሰው። ቸኩሎ ቢያበላሸው፣ ግማሽ ልቡን ቢሰጠው፣ ይሁን ግድ የለም እል ነበር። እሱ ግን በሴቶቹ ዘውድ ላይ የግንቡን ድንጋዮች አንድ በአንድ ቆረጠ። ማንም ሰው በዓይኑ የማያየውን በፍየሏ ጆሮ ውስጥ ያለ ጠጉር አወጣ። "ተው፣ በቃ፣ ማን ያየዋል?" ስለው "ዝም በይ፣ እጄን ታናውጪዋለሽ" አለኝ። ካርጶስና ግሊኮን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አንድ ዳቦ እየተካፈሉ ይበሉ ነበር። ቤት ግቡ አላልኳቸውም።

ሲጨርስ ጭቃውን እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ብረቱን ለመጫን አቅም ስላነሰው የኔን መዳፍ በእጁ ላይ አድርጎ ተጫንነው። ቀኝ እጅ ከቀኝ እጅ። ኦርማ በቀኝ፣ ታቤና በግራ። አየው።

"የፍየሏ አፍንጫ ረዘመ" አለ።

"አሁን እንሂድ?"

"ነገ" አለኝ። "ነገ በጧት።"

በማግስቱ አራት ሰዓት ሳይሆን አረፈ። ፍራሹ ጋሪው ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ኮረብታው ላይ ገና በረዶ አልነበረም፤ ጠዋቱ ጥርት ያለ፣ ለመንገድ የሚመች ነበር።

አገረ ገዥው መጣ፣ ሳንቲሙን በእጁ ያዘ፣ ደስ አለው አሉኝ። ሁለቱ ከተሞች ለቀብሩ አክሊል ላኩ። የትኛው በሬሳው ቀኝ ይቀመጥ ብለው መቃብሩ ላይ መጨቃጨቅ ሲጀምሩ ሁለቱንም አክሊል ከእጃቸው ነጥቄ በእግሮቹ በኩል፣ አንዱን በሌላው ላይ አስቀመጥኩ። ካርጶስ ከታች ያለው የማን እንደሆነ ሊያይ አጎነበሰ። ማኔስ ክንዱን ይዞ ቀና አደረገው።

ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ፣ ሥራውን አክብሮ የሞተ ሰው ነው ይሉኛል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ግትር ነበር፣ እንፋሎቱ እየታየ የተመለሰ ሰው ነው፤ ይህን ለሚመጣ ሁሉ እናገራለሁ፣ ለራሱም በመቃብሩ ላይ ነግሬዋለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚያጉረመርም ሰው ከጠፋ ወዲህ በለሱን ትል እያየሁበት ዝም ብዬ እበላለሁ።

ሦስተኛው ማተሚያ ያን ክረምት ሠራ። በጸደይ መጀመሪያ ማኔስ ሲመታው መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። ሁለቱ ሸንጎዎች ሌላ አላዘዙም።